ግብ፣ ዒላማ፣ መለኪያ፤ ስለ ጋራ ዕቅድ ሙያዊ ቃላት

ፍኖተ ሰላም የሚለው የከተማ ስም ለሰዋስው መምህር ተብሎ የተዘጋጀ ምሳሌ ይመስላል። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ስፍራ ይህን የግዕዝ መጠሪያ ካገኘ ወዲህ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ሳያስበው አንድ ተናባቢ ሐረግ ያነብባል። «ፍኖት» ለብቻው ሲቆም በሳድስ ያበቃል፤ «ሰላም» የሚል ዘርፍ ሲከተለው ግን የመጨረሻው ፊደል ወደ ግዕዝ ተለውጦ «ፍኖተ» ይሆናል። ዘርፉ እንዳለ ይቀመጣል። የሰዋስው ሊቃውንት ይህን ግንኙነት መናበብ ብለውታል። በዘመናችን ደግሞ በዚያችው የዞን ከተማ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ «ዕቅዳችሁ ከወረዳው ጋር ይናበባል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ቃሉ ከቅኔ ቤት ወደ ዕቅድ ክፍል መሻገሩ ነው ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን።

የምንመለከታቸው ቃላት አንድ መሥሪያ ቤት በሥሩ ያሉትን ክፍሎችና ቡድኖች ወደ አንድ ውጤት ለመምራት ግብ የሚያወጣበትን፣ ግቡን ለየቡድኑ የሚያካፍልበትንና አፈጻጸሙን የሚለካበትን አሠራር የሚገልጹ ናቸው። አሠራሩ በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ነው። ፒተር ድራከር እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ የሥራ መሪዎች ሥራቸውን በግብ እንዲመሩ ሐሳብ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አንድሩ ግሮቭ ኢንቴል በተባለው ኩባንያ ውስጥ ግብንና ግቡ መደረሱን የሚያሳዩ ቁልፍ ውጤቶችን ጐን ለጐን የሚያስቀምጥ ዘዴ ዘረጋ። ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ከገንዘብ ሌላ የተገልጋይን፣ የውስጥ አሠራርንና የመማማርን ዕይታ በአንድ ሠንጠረዥ የሚመዝን ሥርዓት ይዘው ቀረቡ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች «ውጤት ተኮር» በሚል ስም የተስፋፋው ይህ የኋለኛው ነው። የባዕዱ ስያሜ ዋና ሐሳብ ሚዛን ነበር፤ አንዱ ዕይታ ሌላውን እንዳይጫነው ማለት ነው። በአማርኛው ስያሜ ግን ሚዛኑ ቀርቶ ውጤቱ ብቻ ተረፈ። ስያሜው በትርጕም ጊዜ ያጣውን ነገር አሠራሩም ብዙ ጊዜ እንዳጣው እናምናለን።

ከባዕድ ከመጡት ሐሳቦች አስቀድሞም የዕቅድ ቋንቋ በአገራችን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የወጡት የአምስት ዓመት ዕቅዶች፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የምርት ዘመቻ፣ በ1977 ዓ.ም. የታወጀው የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የዘለቀው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ሁሉም የየራሳቸውን ቃላት ትተው አልፈዋል። አዲሱ ቃል በባዶ መሬት ላይ አይዘራም፤ የቀድሞው ቃል ገለባ በማሳው ላይ ይቆየዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚደባለቁት ዓላማ፣ ዒላማና ግብ ናቸው። ዓላማና ዒላማ በአንድ ዐይነት ተነባቢዎች የቆሙ ስለ ሆኑ በችኰላ ጽሑፍ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። ዒላማ ተኳሽ የሚያነጣጥርበት ነው፤ የተወሰነ ቦታና መጠን አለው፤ ይመታል ወይም ይሳታል። ዓላማ ግን አይመታም፤ ይያዛል፤ ሰንደቅ ዓላማ በሚለው ጥምር ስም ውስጥም የሚታየው ይኸው ከሩቅ ታይቶ የሚያሰባስብ ምልክትነቱ ነው። ስለዚህ «የዓላማው 80 በመቶ ተመታ» የሚል ዘገባ ሲያጋጥም ጸሐፊው የቱን እንዳሰበ መጠየቅ ይገባል። ግሡም ችግር አያጣም። «አለመ» ከሕልም የተገኘውንና ከማነጣጠር የተገኘውን ሁለት ግሥ አንድ ላይ ያደባልቃል፤ ሐውንና ዐውን ለይቶ መጻፍ ከቀረ ወዲህ «ምርት ለማሳደግ ያለመ ፕሮጀክት» ያነጣጠረ ይሁን ያለመ ብቻ ለማወቅ አንባቢው ይቸገራል።

ግብ የሚለው ቃል ጉዳይ ሰፋ ያለ ነው። በግዕዝ ግብ ጕድጓድ ነው፤ ዳንኤል የተጣለበት ስፍራ ግበ አናብስት መባሉን ልብ ይሏል፤ ይህም ራሱ እንደ ፍኖተ ሰላም ተናባቢ ሐረግ ነው። በአማርኛ «ከግብ ማድረስ» ማለት ፈጽሞ ማድረስ ነው። ብዙ ሰው ዛሬ ቃሉን የሚያውቀው ግን ከእግር ኳስ ሜዳ ነው፤ በዚያም ሁለት ፍች ይዟል። «ወደ ግብ መታ» ሲባል ግብ ቋሚዎቹ የተተከሉበት ስፍራ ነው። «ሦስት ግብ አስቈጠረ» ሲባል ግን ግብ የሚቈጠር ነገር ነው። በሜዳ ላይ ይህ መንታነት ማንንም አያሳስትም። በዕቅድ ውስጥ ግን መድረሻውና ቁጥሩ አንድ ቃል ሲጋሩ ቁጥሩ ቀስ በቀስ የመድረሻውን ወንበር ይወስዳል። «ግብ አንድ፦ ለ500 ገበሬዎች ሥልጠና መስጠት» ብሎ የጻፈ መሥሪያ ቤት፣ ሥልጠናው ለምን እንደሚሰጥ የሚገልጽ ሌላ ቃል አላስቀረም። ኢኮኖሚስቱ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ቁጥጥር ሲጽፍ ያነሣው ሐሳብ፣ ማለትም አንድ መለኪያ ራሱ የቁጥጥር ዒላማ ሲሆን ይለካው የነበረውን ነገር በትክክል ማሳየት እንደሚያቆም፣ በአማርኛ ለማስረዳት የሚያስቸግረው አንዱ ምክንያት ይህ የቃል መንታነት ነው።

ስለዚህ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች የምናቀርበው ልዩነት የሚከተለው ነው። በጃቢ ጠህናን ወረዳ በቆሎ የሚያመርት ገበሬን እናስብ። ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ ራሱን ችሎ እንዲኖር ማድረግ ዓላማ ነው፤ ቁጥር የለውም። በመጪዎቹ ዓመታት የበቆሎ ምርታማነትን ከፍ ማድረግ ግብ ነው፤ መድረሻ ነው እንጂ ቁጥር አይደለም። ኩንታል በሄክታር መለኪያ ነው። አምና የተገኘው ልክ መነሻ ነው። በዚያ መለኪያ፣ ከዚያ መነሻ ተነሥቶ፣ በተወሰነ መኸር ሊደረስበት የታሰበው ቁጥር ደግሞ ዒላማ ነው። አምስቱን ለይቶ ያልጻፈ ዕቅድ ሊተረጐም አይችልም፤ ተርጓሚው ያላቀደውን ነገር ራሱ ማቀድ ይኖርበታልና።

አሁን ግቡ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው እንዴት እንደሚተላለፍ እንመልከት። በመሥሪያ ቤት አማርኛ የተለመደው ግሥ «ማውረድ» ነው፤ ዕቅዱ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ፣ ከዚያም ወደ ቡድንና ወደ ግለሰብ ይወርዳል። (ወረዳ የሚለው ቃል በድምፁ ከዚሁ ግሥ ጋር መግጠሙን ቀልደኞች ሳያነሡት አልቀሩም።) ግሡ ጥርት ያለና አጭር ነው፤ ድክመቱም አንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳየቱ ነው። የሚወርድ ነገር እንደ ዝናብ ነው፤ ተቀባዩ ይቀበለዋል እንጂ አይመልስለትም። ከ25 እስከ 30 የሚደርሱ አባወራዎችን የያዙ የልማት ቡድኖችና «አንድ ለአምስት» የተባሉት አደረጃጀቶች በተስፋፉበት ዘመን ቁጥሩ እስከ ገበሬው በረት ድረስ ወርዶ ነበር። ከበረቱ ወደ ላይ የሚሄደው ግን ሪፖርት ብቻ ነበር፤ ለእርሱ የተሰጠው ግሥም «መላክ» ነው እንጂ «ማውጣት» አይደለም።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ይህ ግሥ በባዶ ጆሮ ላይ አያርፍም። በደርግ ዘመን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተወሰነ ዋጋ ይገባ የነበረው እህል ኮታ ይባል ነበር፤ ኮታም «ይጣላል»። ግብርም ይጣላል፤ ዕዳም ይጣላል። የኮታው አሠራር በ1982 ዓ.ም. ከቀረ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ ባለሙያው «የዚህ ዓመት ዒላማችሁ» ሲል ሽማግሌው «ስንት ተጣለብን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ትርጕሙን ስቶ ሳይሆን የቃሉን ታሪክ አስታውሶ ነው። መለካትም የራሱ ትዝታ አለው። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በጎጃም ዐመፅ ሲነሣ፣ ከገበሬው ሥጋቶች አንዱ የመሬት ልኬት ርስቱን ያሳጣኛል የሚል ነበር። «መለኪያ» ለዕቅድ ባለሙያ ገለልተኛ ቃል ነው፤ ከሥሩ የበቀለው «ልኬታ» ግን በዚያ አገር ለረጅም ጊዜ ገለልተኛ አልነበረም።

ከላይ ወደ ታች ከሚወርደው ሌላ በጐንዮሽ የሚደረግም አለ። አንድ የግብርና ጽሕፈት ቤት በኩንታል በሄክታር ይለካል እንበል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ያከፋፈለውን ማዳበሪያ ይቈጥራል፤ የመንገድ ክፍሉ የጠገነውን ኪሎ ሜትር ይቈጥራል። ማኅበሩ ማዳበሪያውን ሙሉ በሙሉ አከፋፍሎ፣ ግን ዘር ከተዘራ በኋላ ቢያደርስ፣ የእርሱ መለኪያ መቶ በመቶ ይላል። መንገዱም ማዳበሪያ ወደማይጓጓዝበት ቀበሌ ተጠግኖ መቶ በመቶ ይላል። የበቆሎው አዝመራ ግን ከአምናው አይበልጥም። ጥፋቱ ከማንም ሥንፍና የመጣ አይደለም፤ ሦስቱ መለኪያዎች እርስ በርስ አለመተያየታቸው ነው።

ይህን መተያየት ለመግለጽ አራት ግሦች ይወዳደራሉ። «ማሰለፍ» የባዕዱን ቃል በቀጥታ የተከተለ ነው፤ ሰልፍን፣ ወታደርን ያስታውሳል፤ የተሰለፉ ሰዎች አንድ አቅጣጫ ያያሉ እንጂ አይተያዩም። «ማጣጣም» ጥሩ ግሥ ነው፤ ሆኖም ወጥ የሚያጣጥመውም ሰው ይኸንኑ ግሥ ይጠቀማል፤ ትርጕሙም ከመስማማት ይልቅ አለመጋጨትን ያሳያል። ሁለት ዕቅዶች ሳይጋጩ፣ አንዱ ሌላውን ሳይረዳም ሊኖሩ ይችላሉ።

«ማቀናጀት» ከሁሉ የበለጠ ሥር ያለው ነው። አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው በተራ የሚያርሱበት ስምምነት መቀናጆ ይባላል። ቅንጅት፣ የተቀናጀ፣ አቀናጅ የሚሉት ሁሉ ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም ይህን የእርሻ ቃል በስሙ ይዟል። ነገር ግን መቀናጆ የሚያጋራው አቅምን ነው። ዛሬ የአንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን እናርሳለን፤ ማሳዎቹ ሁለት እንደ ሆኑ ይቀራሉ፤ አዝመራውም ለየብቻ ይታጨዳል። ስለዚህ ማቀናጀት ገንዘብን፣ ሰውንና ጊዜን በጋራ ለመጠቀም ትክክለኛ ቃል ነው፤ ለግብ አንድነት ግን አይበቃም። ደቦም በዚህ ረገድ ይቀርብ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ማሳ ላይ ለአንድ ሥራ ይወጣልና። አለመታደል ሆኖ «የደቦ ፍርድ» የሚለው አነጋገር ከተለመደ ወዲህ ቃሉ ለቢሮ የሚሆን ገጽ አጥቷል።

ስለዚህም «ማናበብን» እንመርጣለን። ምክንያታችን የቃሉ ውበት ብቻ አይደለም። በተናባቢ ሐረግ ውስጥ ባለቤቱ ቃል ጫፉን ይለውጣል፤ ይህን የሚያደርገውም ዘርፉን አይቶ ነው። «ፍኖት» ወደ ምን እንደሚያደርስ ሲታወቅ ነው «ፍኖተ» የሚሆነው። ዕቅድ ተናበበ የምንለውም የማኅበሩ መለኪያ የግብርናውን ግብ አይቶ ሲለወጥ ነው፤ «የተከፋፈለ ማዳበሪያ» የነበረው «ከዘር ወቅት በፊት የደረሰ ማዳበሪያ» ሲሆን። ቁጥርን ሳይለውጡ ማካፈል ማውረድ ይባል፤ ሌላውን አንብቦ የራስን መለወጥ ማናበብ ይባል። ሁለቱም ቃላት ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የሌላው ተመሳሳይ ሆኖ እንዳይፈታ ግን መዝገበ ቃላቱ ይጠንቀቅ። በአንድ ነገር ማሳሰብ ይገባናል፤ «ዘርፍ» በሰዋስው ይህን ሲሆን በመሥሪያ ቤት የሥራ መስክ ማለት ነውና ሁለቱን በአንድ አንቀጽ የሚጠቀም ጸሐፊ አንባቢውን ያደናግራል። «ፍኖተ ካርታ» የሚለውንም ሐረግ እንታገሠዋለን፤ የግዕዙ ፍኖት ከጣልያኑ ካርታ ጋር መናበቡን የቅኔ መምህራን ባይወዱትም ለምዶ ቀርቷል።

የቀሩትን በአጭሩ እንለፋቸው። «ግብዓት» ለሥራ የሚገባ ማንኛውም ነገር ነው፤ በቡሬና በወምበርማ ገጠር ግን «ግብዓት ደረሰ?» ማለት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር መጣ ወይ ማለት ስለ ሆነ፣ ለገበሬ የሚነበብ ጽሑፍ ነገሩን በስሙ ይጥራው። «ውጤት» ሥራው ወዲያው ያስገኘውንም፣ ያ ያመጣውንም ለውጥ በአንድነት ይይዛል። የሠለጠነው ገበሬ ቁጥር አንድ ነገር ነው፤ ሠልጥኖ የለወጠው አስተራረስ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን «ውጽዓት»፣ ሁለተኛውን «ውጤት» ማለት የጀመሩ ጸሐፊዎች አሉ፤ እንደግፋቸዋለን።

«አመልካች» ግን መቅረት አለበት ባዮች ነን። ከመካከላችን አንዱ ከአማርኛ ወደ ባዕድ ቋንቋ የተመለሰ የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቅድ እንዲያርም ተሰጥቶት «የአመልካቾች ቁጥር ተቀንሶ ወደ ስምንት እንዲወርድ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አገኘ። ዋናው ጽሑፍ መለኪያዎች በዝተዋልና ይቀነሱ ማለቱ ነበር። ተርጓሚው ግን ማመልከቻ ይዘው በር ላይ የሚቆሙትን ባለጉዳዮች ወደ ስምንት አውርዷቸዋል። ስለዚህ ለመለኪያው «ጠቋሚ» የሚለው ቃል በሠንጠረዦች ሁሉ እንዲገባ፣ «አመልካችም» ለባለጉዳዩ እንዲቀር ሐሳባችንን እናቀርባለን።