አንኮበር፦ የአንኮ በር

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ አብዛኛው ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል፤ ገብስ፣ የበግ መንጋ፣ ፊት የሚገርፍ ነፋስ። ከዚያ ድንገት መሬቱ ያልቃል። ከእግር ሥር ገደል፣ ከገደሉ ወዲያ ደግሞ ወደ አዋሽና ወደ አፋር እየወረደ የሚሄድ ቆላ። ጉም ከሌለ ማለት ነው፤ ጉም ካለ የሚታየው የራስ ጫማ ብቻ ነው። አንኮበር ከባሕር ጠለል በላይ 2,465 ሜትር ላይ፣ በዚህ ጠርዝ ተንጠልጥላ ትኖራለች።

ስሟ ሁለት ቃል ነው። አንኮ፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ የሸዋ መሳፍንት ከመምጣታቸው በፊት ቦታውን የያዘች የኦሮሞ እመቤት ናት፤ በ1830ዎቹ ወደ ሸዋ የዘለቁ ፈረንጆችም ይህንኑ ሰምተው ጽፈዋል። ሰው ሁሉ ስለ አንኮ ማንነት ይጠይቃል። እኔን የሚይዘኝ ግን ሁለተኛው ቃል ነው። በዚህ አገር «በር» የቤት መግቢያ ብቻ አይደለም፤ ደጋው ለቆላው መውረጃ የሚሰጥበት፣ ገደሉ መንገድ የሚለቅበት ቦታም በር ነው። ጣርማ በርም ስሙን ያገኘው እንዲሁ ነው። በር የያዘ ሰው ደግሞ ኬላ ያቆማል፤ የሚወጣውንም የሚገባውንም ይቀርጣል።

የሸዋው መስፍን አምኃ ኢየሱስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መቀመጫቸውን እዚህ ያደረጉት ለአየሩ ብለው አይመስለኝም። በልጅ ልጅ ልጃቸው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1805–1840 ዓ.ም.) ነገሩ በግልጽ ይታያል። ከታጁራ ወደብ የተነሣ ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ ከአንኮበር ሥር አልዩ አምባ ይደርሳል። አርጎባው፣ አፋሩና ሐረሪው እዚያ ይገበያያሉ። ጨው፣ ጨርቅና ጠመንጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ ወደ ባሕር ይወርዳል። ባሪያም ይወርድ ነበር፤ ስለ በሩ ሲነገር ይህን መዝለል አይገባም። ቆላውን የሚጠብቁት የይፋቱ ገዥ ወላስማ መሐመድ ነበሩ፤ «ወላስማ» የጥንቶቹ የይፋት ሱልጣኖች ሥርወ መንግሥት ስም ነው።

ላይ፣ ከኮረብታው ጫፍ፣ የንጉሡ ግቢ ነበር። የእንጨት አጥሩ ኮረብታውን ደርብ በደርብ ከቦታል፤ የሣር ክዳን ቤቶች ቁልቁለቱን ሞልተውታል። የእንግሊዙ መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስ በ1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል ተዋዋለ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በ1835 ዓ.ም. ተከተለ። ወደብ የሌለውን ንጉሥ ሁለት የአውሮፓ መንግሥታት ደጅ የጠኑት ይህ ገደል በእጁ ስለነበረ ነው።

በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ የ11 ዓመቱ ምኒልክ ተማርኮ ሄደ። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ ሲመለስ የአያቱን የሣህለ ሥላሴን ከተማ አንኮበርን ያዘ። ከነገሡ በኋላም ለኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች በአቅራቢያው አንድ ቦታ ሰጡ፤ ስሙ ሌት ማረፊያ። መንገደኛ መሽቶበት ያደረበት ቦታ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። የጓዱ መሪ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ወፍ አጥኚ ነበር፤ በ1874 ዓ.ም. እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ታዲያ ያ ሁሉ ወፍ ሲሰበሰብ በገደሉ የምትኖር አንዲት ዘር በል ወፍ አመለጠችው። ትንሽ ናት፤ ቡናማ፣ ዥጉርጉር፤ ከድንጋዩ ጋር ስለምትመሳሰል ካልተንቀሳቀሰች አትታይም። ሳይንስ ያወቃት በፈረንጆች 1976 ነው፤ ሳይንሳዊ ስሟም ከአንኮበር የተወሰደ ነው።

በሩ ግን ቦታ ቀየረ። ምኒልክ ወደ ልቼ፣ ከዚያ ወደ እንጦጦ ሄዱ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ በዚያው ዓመት ሐረር ተያዘች። የባሕሩ መንገድ በሐረር በኩል ሆነ። በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲያ በግመል የመጣ ጭነት በበቅሎና በሰው ጀርባ እንዲህ ያለ ዳገት የሚወጣበት ምክንያት አልነበረውም። አንኮበርን ጠላት አላጠፋትም፤ መንገዱ ጥሏት ሄደ።

ዛሬ የወረዳው ከተማ ጎረቤላ ነው። በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ሎጅ ተሠርቷል፤ ከጥንቱ ግቢ የቀረው የድንጋይ ግንብ ነው። ግንቡ አጠገብ ቆመው ጉሙ እስኪከፈት ከታገሡ፣ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መንገድ ከታች ይታያል። በእግር ሲወርዱት ጉልበት ያንቀጠቅጣል፤ ሲወጡት ደግሞ ትንፋሽ ያሳጥራል። አህያ የሚነዱ ሰዎች ዛሬም ይመላለሱበታል።