የፕላስቲክ ጀልባና ጀሪካን ለምን ይሰነጠቃል? ስንጥቁስ እንዴት ይጠገናል?

እንደሚታወቀው የተከዜ ወንዝ በታችኛው ክፍሉ ሰቲት እየተባለ ወደ ሱዳን ይገባና ከአትባራ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። በህዳር ወር 2013 ዓ.ም. በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ወደ ሐምዳይት ሲሰደዱ የተሻገሩት ይህንኑ ወንዝ ነው፤ ብዙዎቹም የተሻገሩት በትናንሽ ጀልባዎች ነበር። በ1977 ዓ.ም. የድርቅ ዘመን ስደተኞችን ያስተናገደው በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው የኡምራኩባ መጠለያም ያን ጊዜ እንደገና ተከፈተ። በመጠለያ ለሚኖር ቤተሰብም ሆነ በመተማ በኩል ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ገዳሪፍ ለሚወርድ ሠራተኛ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ዕቃ ጀሪካን ነው።

የፕላስቲክ ጀልባ ሲሰነጠቅ ውሃ ያስገባል፤ ጀሪካን ሲሰነጠቅ ውሃ ያፈሳል። ሁለቱም በበረሃ አገር የሕይወት ጉዳይ ናቸው። ስለዚህ የስንጥቁን ጠባይ ከሳይንስ ትምህርታችን ጋር አያይዘን እንመልከት።

1ኛ. ፕላስቲኩ ምንድን ነው?

ጀሪካን፣ ሮቶ የምንለው የውሃ ማጠራቀሚያና ብዙዎቹ ትናንሽ የፕላስቲክ ጀልባዎች የሚሠሩት ከፖሊኤቲሊን ነው። ይህ ቁስ እ.ኤ.አ. በ1933 በእንግሊዝ አገር በአንድ የኬሚካል ፋብሪካ ላቦራቶሪ በአጋጣሚ የተገኘ ሲሆን ከካርቦንና ከሃይድሮጂን የተገነባ ረጅም ሰንሰለት ነው። ሮቶና የፕላስቲክ ጀልባ በአሠራር ወንድማማቾች ናቸው። የፕላስቲኩ ዱቄት በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይጨመርና ቅርጽ ማውጫው በምድጃ ውስጥ እየተሽከረከረ ዱቄቱ ቀልጦ ግድግዳውን ይለብሳል።

2ኛ. ስንጥቅ ከየት ይመጣል?

ሀ/ ከፀሐይ፦ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው አልትራቫዮሌት ጨረር ሰንሰለቶቹን ይበጣጥሳል። በገዳሪፍ አካባቢ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚሆን ጉዳቱ ይፋጠናል። የተጎዳ ፕላስቲክ ፊቱ ይነጣል፤ በጣት ሲነካም እንደ ጠመኔ ብናኝ ይተዋል።

ለ/ ከኃይል መከማቸት፦ ጀልባ በድንጋይ ላይ ሲጎተት፣ ብሎን ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ወይም ሮቶ ባልተስተካከለ መሬት ላይ ሲቀመጥ ኃይሉ በአንድ ነጥብ ላይ ያርፋል።

ሐ/ ከሳሙና፦ ፖሊኤቲሊን ተወጥሮ ሳለ የዱቄት ሳሙና ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ሳሙናው ፕላስቲኩን አያሟሟውም፤ ነገር ግን ውጥረቱ ሥራውን እንዲፈጽም መንገድ ይከፍትለታል።

3ኛ. የስንጥቁ ጫፍ

እ.ኤ.አ. በ1913 ኢንግሊስ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በቀዳዳ ጫፍ ላይ ኃይል እንዴት እንደሚከማች በሂሳብ አሳየ። ውጥረቱ የሚባዛበት መጠን አንድ ሲደመር ሁለት ጊዜ የካሬ ሥር (የስንጥቁ ግማሽ ርዝመት ሲካፈል ለጫፉ ራዲየስ) ነው። 40 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ የጫፉ ራዲየስ 0.05 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 20 ለ0.05 ሲካፈል 400፣ የካሬ ሥሩ 20 ስለሆነ ውጥረቱ 41 እጥፍ ይሆናል። በሁለቱም ጫፎች ላይ 5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ብንበሳ ግን ግማሽ ርዝመቱ 22.5፣ ራዲየሱ 2.5 ይሆናል፤ ሲካፈል 9፣ የካሬ ሥሩም 3 ነው። ስለሆነም ውጥረቱ ወደ 7 እጥፍ ይወርዳል። ቀዳዳ በመጨመር ዕቃውን ማትረፍ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

4ኛ. ጥገናው

በመጀመሪያ ከዕቃው ጠርዝ ላይ በቢላዋ ቀጭን ልጣጭ እናንሳ። ልጣጩ ሳይቆረጥ እየተጠቀለለ ከወጣ ፕላስቲኩ ደኅና ነው፤ እንደ ዱቄት ከረገፈ ግን አርጅቷልና ጥገና አይዘውም። ተራ ማስቲሽም ፖሊኤቲሊንን አይይዝም፤ በደንብ የሚያያይዘው ሙቀት ነው። ጀልባው ከፋይበርግላስ የተሠራ ከሆነ ደግሞ አይቀልጥም፤ የሚጠገነው በሬዚንና በመስተዋት ጨርቅ ነው።

ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

1. ስንጥቁን አጥቦ ፈጽሞ ማድረቅ።
2. ሁለቱን ጫፎች ፈልጎ በትራፓኖ መብሳት።
3. ስንጥቁን ተከትሎ እስከ ውፍረቱ ሁለት ሦስተኛ የሚደርስ፣ አፉ ሰፊ ታቹ ጠባብ ቦይ መፋቅ።
4. በጋለ ጠፍጣፋ ብረት የቦዩን ከንፈሮች ማለስለስ፤ ፊቱ ሲያብረቀርቅ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተቆረጠ ዘንግ እያቀለጡ ቦዩንም ቀዳዳዎቹንም መሙላት። ከጨሰ ወይም ከጠቆረ ተቃጥሏል ማለት ነው።
5. ውሃ ሳያፈሱበት ቀስ ብሎ እንዲበርድ መተው፤ በመጨረሻም በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሎ በውሃ መፈተን።

እዚህ ላይ አጥብቀን የምናሳስበው ነገር አለ። ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነበረበትን ዕቃ ፈጽሞ ወደ እሳት አናቅርብ፤ በውስጡ የቀረው ትነት ሊፈነዳ ይችላል። በሰሊጥ እርሻ ላይ ፀረ-አረም ወይም ፀረ-ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካንም የቱንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ ውሃ አይሆንም። ሥራው አየር በሚገባበት ቦታ ይካሄድ። ተማሪዎች ብረቱን የሚይዙት መምህር ባለበት ብቻ ነው። የተጠገነ ጀልባም ሰው ከመጫኑ በፊት ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ጭነት ተደርጎበት መፈተን አለበት።

5ኛ. መከላከያው

ጀልባውን ከጥቅም ውጪ በሆነ ጊዜ ገልብጦ በጥላ ሥር ወይም በሸራ ሸፍኖ ማስቀመጥ፤ መጎተትን ትቶ ለሁለት መሸከም፤ በብሎን ሥር ሰፊ ሮንዴላ ማድረግ ያስፈልጋል። ሮቶ የሚቀመጠው ጠጠር በተለቀመለት፣ ታቹን በሙሉ በሚይዝ ደልዳላ መሬት ላይ ይሁን። ጥቁር ፕላስቲክ ከነጩ የበለጠ ፀሐይ የሚችለው ካርቦን ስለተቀላቀለበት እንደሆነም እናስታውስ። ጀሪካንን በሳሙና ካጠብን በኋላ ደጋግመን እናለቅልቀው።

መምህራን ይህን ትምህርት በአንድ ፌስታል ማሳየት ይችላሉ። ከፌስታሉ ሁለት እኩል ቁራጮች ወስዶ አንዱን በምላጭ ጠርዙ ላይ መሰንጠቅ፣ ሌላውን በዚያው ቦታና በዚያው ጥልቀት ክብ አድርጎ መቁረጥ፤ ከዚያም ሁለቱንም መጎተት ነው። የትኛው ቀድሞ እንደሚቀደድ ተማሪዎቹ አስቀድመው ይገምቱ፤ ምክንያቱንም ራሳቸው ይናገሩ። ከዚያ በኋላ ቤታቸው ሄደው የየቤታቸውን ጀሪካን ቢመረምሩ፣ ገና የጣት ጥፍር የምታህለውን ስንጥቅ ውሃው ሳይፈስ በፊት ያገኟታል።