በኪስ ገንዘብ የሚሠራ ተከታታይ ድራማ

አንዲት ወጣት መኪና እየነዳች ነው። የማቆሚያ ምልክት ጋ ስትደርስ ከጎኗ በቆመው መኪና ውስጥ የምታውቀውን ሰው ታያለች። የቅርብ ወዳጇ አይደለም፤ አላየሁም ብላ የምታልፈውም አይደለም። ሰላም ትለዋለች፣ እሱም ይመልስላታል፣ ይነዳሉ። ቀጣዩ ምልክት ላይ ግን እንደገና ጎን ለጎን ይገጣጠማሉ። አሁን ምን ይደረጋል? ሰላምታው ይደገማል ወይስ በፈገግታ ይታለፋል? ሦስተኛው ምልክት ሲመጣስ? ይህን ሁሉ ከራሷ ጋር ስትሟገት የምንሰማው የሐሳቧን ድምፅ ነው፤ አፏ አይንቀሳቀስም።

ትዕይንቱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 በዩቲዩብ የተለቀቀው «ዘ ሚስአድቬንቸርስ ኦፍ ኦክዋርድ ብላክ ገርል» የተባለው ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል ነው። ድራማውን የፈጠረችውና በዋና ገጸ ባሕርይነት የተወነችው ኢሳ ሬ ናት። አባቷ ሴኔጋላዊ ሐኪም ናቸው፤ የልጅነቷን ጥቂት ዓመታት ያሳለፈችውም ዳካር ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች ጓደኞቿን ሰብስባ «ዶርም ዳያሪስ» የሚል ድራማ ሠርታ ነበር። ከጀርባዋ የፊልም ኩባንያ አልነበረም፤ ድራማው የተጀመረው ከራሷ ኪስ በወጣ ገንዘብና በጓደኞቿ ጉልበት ነው።

ያንን የመኪና ትዕይንት እስቲ በፕሮዲዩሰር ዓይን እንቁጠረው። ሁለት መኪና፣ ሁለት ተዋናይ። ሁለቱ ተዋንያን በአንድ ምስል ውስጥ አብረው መታየት እንኳ አይጠበቅባቸውም፤ አንዱን ዛሬ ሌላውን ነገ መቅረጽ ይቻላል። ከሰላምታው በቀር መንገድ ላይ የሚባል ቃለ ተውኔት ስለሌለ የመኪና ጥሩንባና የአላፊ አግዳሚው ጫጫታ ቀረጻውን አያበላሽም። ትረካው በኋላ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ይቀዳል፤ ካልጣመም ተደግሞ ይቀዳል። ይሁን እንጂ ተመልካቹ የጎደለ ነገር አይታየውም። የሚያየው የሰላምታን ጭንቀት ነው፣ እሱ ደግሞ ሁላችንም ቤት ያለ ጭንቀት ነው። በዝቅተኛ በጀት ድራማ ለመሥራት የተነሳ ጀማሪ ሁሉ ሌላ ነገር ከመማሩ በፊት ይህን ክፍል ደጋግሞ ቢያየው እመክራለሁ። ወጪ የሚቀነሰው በቀረጻው ቀን ከምሳና ከትራንስፖርት ላይ ሳይሆን ስክሪፕቱ ሲጻፍ ነውና።

የኢንተርኔት ድራማ ዘርፍ ራሱ ወጣት ነው። ዩቲዩብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን ከ2006 እስከ 2010 ድረስ ከ10 ደቂቃ የሚበልጥ ቪዲዮ አብዛኛው ሰው እንዲጭን አይፈቅድም ነበር። የመጀመሪያዎቹ የዩቲዩብ ድራማዎች አጫጭር የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ገደቡ ከተነሳ በኋላም አጭርነቱ እንደ ጠባይ ቀረ። በ2008 መጨረሻ ካኖን 5ዲ ማርክ 2 የተባለው የፎቶ ካሜራ ሙሉ ኤችዲ ቪዲዮ መቅረጽ ሲጀምር ደግሞ የሲኒማ መልክ ያለው ምስል በግለሰብ አቅም የሚገኝ ሆነ። ከዚያ ስልክ መጣ። ዳይሬክተሩ ሾን ቤከር በ2015 ለእይታ የበቃውን «ታንጀሪን» የተባለ ፊልም በአይፎን 5ኤስ ነው የቀረጸው፤ ይኸው ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ በ«አኖራ» ኦስካር ተሸልሟል። ስለዚህ «ካሜራ የለኝም» የሚለው ምክንያት ዛሬ ብዙ አያስኬድም።

ከኢሳ ሬ አራት ዓመት ቀደም ብላ ያንኑ መንገድ የጠረገች ሌላ ተዋናይት አለች፤ ፊሊሺያ ዴይ። በኮምፒውተር ጨዋታ ከተጠመደችበት የራሷ ሕይወት ተነስታ «ዘ ጊልድ» የተባለውን ድራማ ጻፈች። መጀመሪያ የጻፈችው ለቴሌቪዥን ነበር፤ በኋላ ከፕሮዲዩሰሯ ኪም ኢቪ ጋር ሆና በ2007 ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። ድራማው በኢንተርኔት አብረው የሚጫወቱ ስድስት ሰዎች ታሪክ ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በአብዛኛው እያንዳንዱ ከየቤቱ፣ ከየኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ በጆሮ ማዳመጫ ነው የሚያወራው። እዚህም ታሪኩ ራሱ በጀቱን ተሸክሞታል። ስድስት ተዋንያንን በአንድ ቀን አንድ ቦታ ማገናኘት በነፃ ለሚሠራ ቡድን ትልቅ ራስ ምታት ነው፤ በየክፍላቸው የተቀመጡ ስድስት ሰዎችን ግን እንደየአመቺነታቸው ተራ በተራ መቅረጽ ይቻላል።

የእኛ ጀማሪዎች ስክሪፕት ላይ የማየው ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። ክፍል አንድ ሰርግ አለበት፤ ክፍል ሁለት ፖሊስ ጣቢያ፣ ክፍል ሦስት ኤርፖርት። ሰርግ ማለት ድንኳን፣ ሙሽራ ልብስ፣ ሚዜ፣ እልልታ፣ ምግብና ቢያንስ አርባ ታዳሚ ነው። አሥር ታዳሚ ብቻ ከተገኘ ደግሞ ካሜራው የቱንም ያህል ቢጠጋ ሰርጉ ለቅሶ ይመስላል። ታዲያ ጸሐፊው ሰርጉን ለምን ፈለገው? አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እህትማማቾች በጥሎሽ ወይም በሙሽራው ቤተሰብ ጉዳይ እንዲጋጩለት ነው። እንግዲያው ጠቡን ወደ ማግስቱ ማዞር ይቻላል። ሁለቱ እህቶች በጓሮ የተቃጠሉ ትልልቅ ድስቶች በሽቦ ይፈትጋሉ፤ አንዷ እጅ ላይ የሂናው ጥለት ገና አልለቀቀም፤ ማታ የሆነውን እያነሱ ይጥላሉ። ቀረጻው በአንድ ጠዋት ያልቃል፤ ወጪው ሳሙናና ከጎረቤት የተዋሱት ድስት ነው። እኔ በበኩሌ ከሰርጉ ይልቅ ይህን ማየት እመርጣለሁ፤ እዚያ ጓሮ ውስጥ እውነቱ ይወጣልና።

ደራሲው ራሱ ተዋናይ ሲሆን ሌላ ችግር ይመጣል፤ ራሱን ማየት አይችልም። በካሜራው ፊት እያለ የሚያስበው ስለ መብራቱ፣ ስለ ሰዓቱና ስለሚቀጥለው ትዕይንት ከሆነ ፊቱ ላይ የሚነበበው የፕሮዲዩሰር ጭንቀት ነው። ለዚህ የማውቀው መፍትሔ አንድ ነው፤ ደፍሮ «አልሆነም፣ ይደገም» የሚል ሰው ከካሜራው ጀርባ ማስቀመጥ። ወዳጅ ብቻ መሆኑ አይበቃም፤ ይሉኝታ የሌለበት መሆን አለበት። ኢሳ ሬም ብቻዋን አልሠራችም። የስታንፎርድ ጓደኛዋ ትሬሲ ኦሊቨር ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዷ ነበረች፤ ኒና የተባለችውን ገጸ ባሕርይም ተጫውታለች። ትሬሲ በኋላ «ገርልስ ትሪፕ» የተባለውን ፊልም ከጻፉት አንዷ ሆናለች። ከካሜራው ጋር የሚደረገው ሁሉ፣ ማን የት ይቆማል፣ ወዴት ይራመዳል የሚለው፣ ከቀረጻው ቀን በፊት በልምምድ ማለቅ አለበት፤ ቀረጻው ሲጀመር ደራሲው ትወናውን ብቻ ይሥራ።

አሁን ወደ ድምፅ። ዝቅተኛ በጀት ያለው ድራማ የሚሞተው በድምፅ ነው። ተመልካች ደብዘዝ ያለ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን በሰከንዶች ውስጥ ትቶ ይወጣል። ካሜራው ላይ የተገጠመው ማይክ ክፍሉን ሁሉ እኩል ስለሚሰማ ተዋናዩ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ያስመስለዋል። ማይኩ ወደ አፍ መቅረብ አለበት፤ በዘንግ ከላይ የሚያዝ ቡም ወይም ደረት ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ። በጀቱ ትንሽ ከሆነ ካሜራውን ተውሶ ገንዘቡን ለማይክ ማዋል ይሻላል።

ከዚያ ቤቱን ማዳመጥ ነው። ባዶ ግድግዳና የሲሚንቶ ወለል ድምፅን መልሰው ይወረውራሉ፤ ከካሜራው እይታ ውጭ ወፍራም ብርድ ልብስ ሲሰቀል ማስተጋባቱ ይቀንሳል። ፍሪጅ ካለ ይነቀላል። የቆዩ ቀራጮች ፍሪጁን ሲነቅሉ የመኪናቸውን ቁልፍ ውስጡ ያስቀምጣሉ፤ መልሰው ሳይሰኩት ከዚያ ቤት መውጣት አይችሉምና። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያ አለ። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ከጣሪያው ሥር ንግግር መቅረጽ የማይታሰብ ነው፤ ስለዚህ የሐምሌና የነሐሴ ቀረጻ በማለዳ ይጀመራል፣ ንግግር የበዛባቸው ትዕይንቶች ይቀድማሉ፣ ያለ ንግግር የሚያልፉት ወደ ኋላ ይገፋሉ። ከየቦታው ከመነሳት በፊት ደግሞ ሁሉም ሰው ባለበት ዝም ብሎ ይቆምና የክፍሉ ጸጥታ ለ30 ሰከንድ ያህል ይቀዳል። ኤዲተሩ ሁለት ንግግሮችን ሲቀጥል በመካከል የሚፈጠረውን ክፍተት የሚሞላው በዚያ ጸጥታ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ድራማው በየቁርጡ ላይ ድምፁ ብልጭ ድርግም ሲል ያገኘዋል፤ ያኔ ወደዚያ ቤት መመለስ አይቻልም።

መብራትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ብዙ ልጆች የሚቸገሩበት ስለሆነ። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ ነው። ብዙ ካሜራና ስልክ ደግሞ በአሜሪካ ልክ፣ በ60 ኸርዝ፣ ተስተካክሎ ይመጣል። እንዲህ እንዳለ በአንዳንድ አምፖሎች ሥር ሲቀረጽ ምስሉ ላይ የሚሮጥ ጥላ ወይም መንቀጥቀጥ ይታያል፤ ኤዲቲንግ ላይ ማስተካከሉም ፈተና ነው። ካሜራውን በሰከንድ 25 ምስል፣ ሸተሩን 1/50 ላይ ማድረግ ችግሩን ያስወግዳል። ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ ሆኖ የሚቀርጽ ወገን ግን ስሌቱን ወደ 60 ይመልሰው።

ገንዘቡስ? የኢሳ ሬ ገንዘብ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሳይጠናቀቅ አለቀ። በ2011 ኪክስታርተር በተባለው የመዋጮ ድረ ገጽ በኩል ተመልካቾቿን 30,000 ዶላር ጠየቀች፤ ከ1,900 በላይ ሰዎች አዋጥተው ከ56,000 ዶላር በላይ ሰጧት። ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው። አንድም ክፍል ሳታሳይ «ድራማ ልሠራ ነውና እርዱኝ» አላለችም፤ በየወሩ ስታቀርብ ቆይታ፣ ሰው የሚቀጥለውን ክፍል መጠበቅ ከጀመረ በኋላ ነው የጠየቀችው። ፊሊሺያ ዴይም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ከሠራች በኋላ ነው ቀሪውን በተመልካች መዋጮ የቀጠለችው። ኢትዮጵያ ሆኖ በኪክስታርተር ፕሮጀክት መክፈት አይቻልም፤ ውጭ ያለ የቡድኑ አባል ግን ይችላል።

ከዩቲዩብ ማስታወቂያ ገቢ እጠብቃለሁ የሚል ደግሞ ሒሳቡን አስቀድሞ ይሥራ። በመደበኛ ቪዲዮዎች ከማስታወቂያ ለመካፈል 1,000 ተከታይና ባለፉት 12 ወራት ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ያስፈልጋል። ስምንት ደቂቃ የሚፈጅ ድራማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 30,000 ጊዜ መታየት አለበት ማለት ነው፤ ይህም የመግቢያው በር እንጂ ገቢው አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምዕራፍ በጀት ሲያዝ ይመለሳል ተብሎ ባይታሰብ ይሻላል። ከትንሹ ገንዘብ ላይ ግን ፈጽሞ የማይነካ አንድ ነገር አለ፤ የሠራተኛው ምግብ። በነፃ የመጣ ሰው ሽሮም ቢሆን በሰዓቱ፣ ትኩሱን መብላት አለበት።

የቀረጻው ቅደም ተከተል ከታሪኩ ቅደም ተከተል ጋር አይሄድም። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ሰኞን ከሰጠ የክፍል አንድ፣ የክፍል አራትና የክፍል ስድስት የፀጉር ቤት ትዕይንቶች ሁሉ ሰኞ ይቀረጻሉ። ያኔ ልብስ፣ ፀጉር፣ የጆሮ ጌጥ፣ የጠረጴዛው ብርጭቆ ሳይቀር በስልክ ፎቶ ይነሳል፤ ይህን የሚከታተል አንድ ሰው ብቻውን መመደብ አለበት። የመልቀቂያው ቀን ደግሞ ቢያንስ ሦስት ክፍሎች ተሠርተው ካለቁ በኋላ ቢታወጅ መልካም ነው። ተመልካች በቀጠሮው ቀን መጥቶ ካጣ ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል።

በመጨረሻ የሚነሳው፣ ግን መጀመሪያ መፈረም የነበረበት፣ የወረቀቱ ጉዳይ ነው። ጓደኛሞች ድራማ ሲጀምሩ ስለ ውል ማንሳት ነውር ይመስላቸዋል። ድራማው ከተወደደ በኋላ ግን ጥያቄው ይመጣል፤ ታሪኩ የማን ነው? ቻናሉስ? ጣቢያ ቢገዛው ማን ስንት ያገኛል? «ዘ ጊልድ» ከማይክሮሶፍት ጋር በተዋዋለ ጊዜ ፊሊሺያ ዴይ የድራማውን ባለቤትነት በእጇ አስቀርታ ነው የተስማማችው፤ ድራማውም ለስድስት ምዕራፍ ዘልቋል። የኢሳ ሬ ድራማ ሁለተኛ ምዕራፍ የሙዚቀኛው ፋሬል ዊሊያምስ ቻናል ላይ ወጣ፤ እሷም ከ2016 እስከ 2021 በኤችቢኦ የታየውን «ኢንሴኪዩር» ወደ መሥራት አለፈች። በእኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲውም ለተዋናዩም ለሙዚቃ ባለቤቱም መብት ይሰጣል። የታዋቂ ዘፋኝ ሙዚቃ ሳያስፈቅዱ ከትዕይንቱ ሥር ማስገባት የዩቲዩብን አውቶማቲክ ምርመራ አያልፍም፤ ገቢው ወደ ባለመብቱ ይሄዳል፣ አለዚያም ቪዲዮው ይታገዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው የቀረጻ ቀን በፊት ለእያንዳንዱ ተዋናይ፣ ለካሜራማኑ፣ ለሙዚቃ ሠሪውና ቤቱን ለሰጠው ሰው አንዳንድ ገጽ ወረቀት ይዘጋጅ፤ ምን ሠራ፣ አሁን ምን ያህል ይከፈለዋል፣ ድራማው ገንዘብ ካመጣ ድርሻው ስንት ነው የሚሉት ሦስቱ ነገሮች ይጻፉበት፣ ይፈረምበት፣ አንዱ ቅጂ ከእሱ ጋር ይቅር።