ገዳዩን ተመልካች የሚመርጥበት ቴያትር

በላምበረት መናኸሪያ፥ መንገደኛና ተሸካሚ በሚጋፋበት የማለዳ ሰዓት፥ አንድ ሰው «ሌባ! ያዙት!» ብሎ ቢጮኽ ምን እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያውቀዋል። ያየውም ያላየውም ይሰበሰባል፤ ሁሉም ጣቱን ይቀስራል፤ የሚያዘውም አንዳንድ ጊዜ የሰረቀው ሳይሆን የደነገጠው ነው። ለመሆኑ ብዙ ሰው በአንድ አፍ ሲፈርድ ፍርዱ እውነት ይሆናልን? ይህን ከባድ ጥያቄ በዘፈንና በሳቅ አዋዝቶ የሚያቀርብ አንድ ቴያትር ስላለ፥ ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት እንጫወት።

የቴያትሩ ስም «የኤድዊን ድሩድ ምሥጢር» ይባላል። መሠረቱ ታላቁ የእንግሊዝ ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ የጀመረው ልብ ወለድ ነው። ዲክንስ የኖረው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ነበር። ንግሥቲቱም ከ1829 እስከ 1893 ዓ.ም. የነገሡትና ዐፄ ቴዎድሮስ የላኩላቸው ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ በመቆየቱ ጠብ የተነሣባቸው ናቸው። ዲክንስ ታሪኩን በ12 ወርኀዊ ክፍል ሊያወጣ አስቦ 6ቱን ብቻ እንደ ጻፈ፥ በሰኔ 1862 ዓ.ም. በድንገት ዐረፈ። ይህም ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከወደቁ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኤድዊን ድሩድ የሚባል ወጣት ሮዛ ለምትባል ልጅ፥ ገና ሕፃናት ሳሉ በአባቶቻቸው ስምምነት ታጭቷል። አጎቱ ጆን ጃስፐር የአንድ ካቴድራል መዘምራን አለቃ ነው፤ በቀን የተከበረ ሰው ሲሆን፥ በስውር ኦፒየም እያጨሰ ኅሊናውን ያደነዝዛል፤ የወንድሙን ያህል የሚወደውን የዚህን ወጣት እጮኛ ሮዛንም በልቡ ይመኛታል። ከሴሎን የመጣ ኔቪል የሚባል ሌላ ጎበዝም በሮዛ ምክንያት ከኤድዊን ጋራ ይጣላል። በፈረንጆች የገና ዋዜማ ሦስቱ ወንዶች በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ራት በሉ። ሌሊቱን ኀይለኛ ነፋስ ነፈሰ። በማግሥቱ ኤድዊን ድሩድ የለም።

ማን ገደለው? ወይስ አልሞተም? ዲክንስ ሳይነግረን አለፈ። ወዳጁና የሕይወት ታሪኩ ጸሓፊ ጆን ፎርስተር፥ ገዳዩ አጎትዮው እንደ ሆነ ከደራሲው አፍ መስማቱን ጽፏል፤ አንባቢዎች ግን ለመቀበል አልቸኮሉም። በ1906 ዓ.ም. የዲክንስ ወዳጆች ማኅበር በለንደን የጨዋታ ችሎት አቋቁሞ ጃስፐርን ከሰሰ። ደራሲው ቼስተርተን ዳኛ፥ በርናርድ ሾው የፍርድ ሸንጎው አባሎች አለቃ ሆኑ። የተሰጠው ፍርድ ግን ቀልድ የበዛበት ስለ ነበር፥ ዳኛው ችሎት ደፍራችኋል ሲል ከራሱ በቀር በቦታው የነበረውን ሁሉ ቀጣ።

ይህን ያላለቀ ታሪክ ሩፐርት ሆልምስ የሚባል ደራሲና ዜማ ቀማሪ አንሥቶ፥ ቃሉንም ዜማውንም ራሱ ደርሶ፥ በ1977 ዓ.ም. መጨረሻ በኒውዮርክ መናፈሻ ውስጥ አሳየ። በኅዳር 1978 ዓ.ም. ወደ ብሮድዌይ ተዛወረ፤ በዚያው ዓመት 5 የቶኒ ሽልማት አገኘ፤ እስከ ግንቦት 1979 ዓ.ም. ድረስም 608 ጊዜ ታየ።

የሆልምስ ብልኀት በሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛ፥ ታሪኩን የሚጫወቱት በቪክቶሪያ ዘመን የነበረ የዘፈንና የጨዋታ አዳራሽ ተዋንያን ናቸው፤ አጋፋሪው በመካከል እየገባ ከተመልካች ጋራ ይቀልዳል። ዘፈንና ቴያትር በአንድ መድረክ መቅረቡ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ሕዝቡን የሳበው በዚሁ ነውና። ሁለተኛ፥ ዲክንስ ብዕሩን ያስቀመጠበት ቦታ ሲደርስ ጨዋታው ይቆማል፤ ተዋንያኑም ገዳዩን ተመልካቹ እንዲመርጥ ይጠይቃሉ። ድምፅ ይቆጠራል፤ የተመረጠውም ተነሥቶ «እኔ ነኝ» እያለ ይዘፍናል። ለእያንዳንዱ ተጠርጣሪ የኑዛዜ ዘፈን አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ገዳይ የነበረችው ሴት ነገ ማታ ንጹሕ ናት፤ የነገውም ወንጀለኛ ከነገ ወዲያ ነጻ ነው። ማስረጃው ያው ነው፤ የተለወጠው የተመልካቹ ስሜት ብቻ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። አባቶቻችንም ፍርድን በአደባባይ ያዩ ነበር። በ«በላ ልበልሃ» ሙግት ተሟጋቹ ኩታውን አደግድጎ፥ ዘንጉን ይዞ፥ ነገሩን በግጥምና በምሳሌ ሲያቀርብ ከተዋናይ አይተናነስም ነበር፤ መንገደኛም በዳኝነት ይቀመጥ ነበር። ወንጀለኛው ሲሰወር ደግሞ አፈርሳታ፥ ወይም አውጫጭኝ፥ ይጠራል። የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ይምላል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስም አይበተንም፤ ጥፋተኛው ካልታወቀ የጠፋውን አገሬው በጋራ ይከፍላል።

ፖሊስና መዝገብ ባልነበረበት ዘመን ይህ ሥርዐት ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ነገር ግን ክፍያን የፈራ ሸንጎ ስም እንዲያወጣ ሲገደድ፥ የሚወጣው ስም የእውነተኛው ጥፋተኛ ነው ወይስ ወገን የሌለው የእንግዳ ሰው? በኒውዮርኩ አዳራሽ ሰው ሁሉ በሳቅ የሚያልፈው ይኸው ጥያቄ ነው። በመድረክ ላይ በስሕተት የተፈረደበት ተዋናይ ተጨብጭቦለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። በመንገድ ላይ በጩኸት የተፈረደበት ሰው ግን ዕድል ከቀናው ሆስፒታል ይደርሳል፤ ካልቀናውም መቃብር።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ደንግጓል። ሕጉ በወረቀት ላይ ነው፤ የሚኖረው ግን በሰው ኅሊና ውስጥ ነው። በተለይ ነገ በችሎት፥ በፖሊስ ጣቢያና በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ በሰው ስም ላይ የሚወስን ወጣት፥ ብዙ ሰው ያለውንና የተረጋገጠውን መለየት ከዛሬው ሊለምድ ይገባዋል።

ቴያትሩን ያየ ተመልካች ከአዳራሹ ሲወጣ «የመረጥኩት ሰው ማስረጃው ምን ነበር?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ፥ መልሱ ብዙ ጊዜ «ደስ ስላለኝ ነው» የሚል ይሆናል። ነገ ጠዋት በላምበረት «ያዙት!» የሚል ድምፅ ብንሰማ፥ እጃችንን ከማንሣታችን በፊት ያንኑ ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቅ። የሚያዘው ሰው ዘፋኝ አይደለምና።