አጃይል እና የጤና ኬላው ታብሌት

አጃይል የሚባለው የሶፍትዌር አሠራር መነሻው በየካቲት 1993 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ዩታ ግዛት፣ ስኖውበርድ ላይ የተሰበሰቡ 17 ባለሙያዎች ያወጡት አጭር መግለጫ ነው። ኬንት ቤክና ማርቲን ፋውለር ከፈራሚዎቹ መካከል ይገኛሉ። መግለጫው ከአሠራር ደንብና ከመሣሪያ ሰውንና መግባባቱን፣ ከተንዛዛ ሰነድ የሚሠራ ሶፍትዌርን፣ ከውል ድርድር ከደንበኛ ጋር መተባበርን፣ ዕቅድን ሙጥኝ ከማለት ለለውጥ መዘጋጀትን ያስቀድማል። ሰነድ፣ ውልና ዕቅድ ዋጋ የላቸውም ግን አላለም።

ደንበኛ ማን ነው? ጥያቄው በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ላይ ይከብዳል። የሚያሠራው ጤና ሚኒስቴር ነው፤ ወጪውን ለጋሾች ይጋራሉ፤ ታብሌቱን ይዛ ቤት ለቤት የምትዞረው ግን በአማራ ክልል፣ በመራዊ ከተማ ዙሪያ ባለ ቀበሌ የተመደበች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ስብሰባው ላይ የሌለችው እሷ ናት፤ የመግለጫው ሦስተኛ እሴት፣ ከደንበኛ ጋር መተባበር፣ መታረም ያለበትም እዚህ ላይ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የዳበረው የወረቀት አሠራር ብዙ ያስተምራል። በጤና ኬላው ለየቤተሰቡ ማኅደር አለ፤ ለየወሩ ደግሞ የቀጠሮ ሣጥን። ለኅዳር የተቀጠረች ነፍሰ ጡር ካርዷ የኅዳር ሣጥን ውስጥ ይገባል። ወሩ ሲያልቅ እዚያው የቀረ ካርድ ከቀጠሮዋ የቀረችውን እናት ያሳያል፤ ባለሙያዋም ቤቷ ድረስ ሄዳ ትጠይቃታለች። ከሣጥኑ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያላየ ፕሮግራመር ቅጹን ወደ ስክሪን ይገለብጠው ይሆናል፤ ቀሪዋን እናት የሚያስታውሰውን ብልሃት ግን ይጥለዋል።

«የሚሠራ ሶፍትዌር» የሚለውም መጥበቅ አለበት። ኔትወርክ ሲጠፋ መረጃውን ይዞ መቆየት፣ ሲመለስ መላክ፣ ጳጉሜን የተወለደን ሕፃን ያለ ችግር መመዝገብ ካልቻለ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ መሥራቱ ብቻ አይበቃም።

ከአራቱ እሴቶች በይበልጥ መከለስ ያለበት ስለ ሰነድ የተባለው ነው። ባለሙያዋ ትዛወራለች፣ የለጋሹ ፕሮጀክት ያበቃል፣ ፕሮግራመሩም ሌላ ሥራ ይይዛል። ያኔ በአማርኛ የተጻፈ አጭር መመሪያ የሶፍትዌሩ አካል እንጂ ትርፍ ወረቀት አይደለም። ለውጥም ልክ አለው፤ በየሁለት ሳምንቱ የሚቀያየር ገጽ ለተጠቃሚዋ በየጊዜው አዲስ ሥልጠና ማለት ነው። ስለዚህ ማሻሻያውን በጥቂት ቀበሌዎች ፈትኖ፣ ቅሬታውን ሰምቶ፣ ለሁሉም ማዳረሱን ከሥልጠናው ቀን ጋር ማገጣጠም ይሻላል።