ኮሜርስ፦ የሒሳብ ባለሙያዎች ማፍለቂያ

አዲስ አበባ ሰንጋ ተራ ላይ የታክሲ ረዳቶች «ኮሜርስ» እያሉ ከሚጠሩት ሰፈር አንድ አንጋፋ ትምህርት ቤት አለ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነው። የእኛ የደቡብ ወሎዎቹ የወግዲና የቦረና ልጆች አካውንቲንግ ወይም ማኔጅመንት ሲመርጡ የሚከተሉት ይህ ትምህርት ቤት የጠረገውን መንገድ ነው።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ መንግሥት ሚኒስቴሮቹን እንደ አዲስ ያደራጅ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1937 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱ አዲስ ገንዘብ አወጣች። ይህ ሁሉ መዝገብ የሚይዝ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ሒሳብ የሚዘጋ ሰው ይፈልጋል። ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 የተከፈተው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ታይፕ፣ የጽሕፈት ሥራና የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ያስተምር ነበር። ከጊዜ በኋላ ወደ ኮሌጅ አደገ፤ በመጨረሻም ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተዋሐደ።

የትምህርቱ እምብርት ጥንድ አመዘጋገብ ነው፤ እያንዳንዱ ግብይት በሁለት ወገን፣ በዴቢትና በክሬዲት ይመዘገባል። አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከገበሬ 20 ኩንታል ጤፍ በዱቤ ገዛ እንበል። ጤፉ መጋዘን ሲገባ በዴቢት ይመዘገባል፤ ለገበሬው ያልተከፈለው ዕዳ በዚያው ልክ በክሬዲት ይያዛል። ሲከፈለው ዕዳው ይዘጋል፣ ጥሬ ገንዘቡም ይቀንሳል። የሁለቱ ወገን ድምር እኩል ካልመጣ አንድ ቦታ ስሕተት አለ። እኩል መምጣቱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ኦዲተሩ ደረሰኙን በመጋዘን ካለው እህል ጋር ያመሳክራል። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ንብረት ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 የሚቆረጠው ለዚሁ ነው።

በዲግሪ ደረጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ አስተዳደር ኮሌጅ ተከፈተ። በ1967 ዓ.ም. ግን ደርግ የግል ባንኮችንና ኢንሹራንሶችን ወረሰ፤ ተማሪውም ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ። የሒሳብ ባለሙያ ዋና ቀጣሪ መንግሥት ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የባንክ አዋጅ ለኢትዮጵያውያን የግል ባንክ ሲፈቅድ፣ አዋሽን የመሳሰሉ ባንኮች ተቋቋሙ፤ የሙያው ገበያም እንደገና ሰፋ። ስለ ፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ የሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች መሠረት እንዲያቀርቡ ይጠበቃል።

ዛሬ ትምህርቱ ወደ እኛም ቀርቧል። ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው መቅደላ አምባ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ካምፓሶች አሉት። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ፍሬው የሚታየው ግን ተመራቂው ወዴት እንደሚሄድ ሲታይ ነው። የወግዲ ገበሬ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያገኘው በአብዛኛው በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ነው። ማኅበሩ በወቅቱ ኦዲት ካልተደረገ ትርፍ አይከፋፈልም፤ አባሉ ይጠራጠራል፤ የተጠራጠረ አባል ደግሞ እህሉን ለደላላ ይሰጣል። ስለዚህ ጎበዝ ተመራቂዎቻችን የባንክ ወንበር ብቻ ባይመኙ መልካም ነው። በገጠር ማኅበራት መዝገቡን በሐቅ የሚይዝና ለጠቅላላ ጉባኤው ገበሬው በሚገባው አማርኛ የሚያስረዳ ባለሙያ ያስፈልገናል።