ከሰኔ እስከ መስከረም

ላስታ ውስጥ ራሱን ያጠፋ ሰው «ድንገት ታሞ ነው» ይባልለታል። ፍትሐት እንዳይከለከል ቤተሰብ ይደብቃል፣ ጎረቤት አይቶ እንዳላየ ያልፋል፣ ቅሬውም (ዕድሩ) ወጥቶ ይቀብራል። እኔ በነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ የአንድ ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። በቀበሌያችን የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ውስጥም ስለቆየሁ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎችን መዝገብ አውቀዋለሁ። የሟቾቹና የተረጂዎቹ መዝገብ ጎን ለጎን ቢነበብ እወዳለሁ።

ማጣትና ራስን ማጥፋት ይገናኛሉ ማለቴ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። በዓለም በየዓመቱ ከ700 ሺህ በላይ ሰው ራሱን ያጠፋል፤ አብዛኛው በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። ኢንዶኔዥያ ለድሃ ቤተሰቦች ጥሬ ገንዘብ መስጠት ስትጀምር፣ ድጋፉ በደረሰባቸው አካባቢዎች ራስን ማጥፋት 18 በመቶ ያህል ቀንሷል። ጥናቱ ገበሬን የሚመለከት ሌላ ነገርም አሳይቷል፤ ዝናቡ ሲከፋ ሞቱ ይጨምራል፣ ድጋፉ ባለበት ግን ጭማሪው ይለዝባል። በብራዚልም ከ76 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መረጃ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት፣ ድጎማ በሚያገኙት ዘንድ ራስን ማጥፋት ከማያገኙት በ56 በመቶ እንደሚያንስ አስፍሯል። ሰውን እዚህ የሚያደርሰው ማጣት ብቻ አይደለም፤ የአእምሮ ሕመሙ፣ የቤት ውስጥ ጠቡ፣ መጠጡም አለ። ማጣቱ ግን ሁሉንም ያከፋዋል።

የእኛ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ቀና ነበር፦ ድሃው በየዓመቱ የድረሱልኝ ጥሪ ምላሽ ከሚጠብቅ፣ የሚቀበለውን አስቀድሞ ይወቅ። አቅም ያለው በወር አምስት ቀን እርከን ይሠራል፣ ቦረቦር ይደፍናል፤ ለዚያም ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ወይም የእህሉ ዋጋ ይታሰብለታል። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። 15 ኪሎ ጎተራ አይሞላም። ሆኖም እንደሚመጣ ያወቀ ገበሬ በሬውን ሳይሸጥ፣ አራጣ ሳይገባ ክረምቱን ይሻገራል።

ሲዘገይ የሚሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ የልጆች አባት የግንቦቱ ክፍያ ነሐሴም አልደርስ ብሎት፣ የሴፍቲኔት ካርዱን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ ቀበሌ ይመላለስ ነበር። ከነጋዴ የተበደረው ብር እየወለደ ሄደ። አንድ ቀን «ለልጆቼም ሸክም ሆንኩ፣ ብገላገል ይሻላል» አለኝ። ብቻውን አልተውኩትም፤ የንስሐ አባቱንና ወንድሙን ጠርቼ ጤና ጣቢያ አብረን ወሰድነው። የቅሬው አባላትም ከየኪሳቸው ለዕዳው ብር አዋጡለት። ዛሬ ልጆቹን እያሳደገ ነው።

አሁን ይበልጥ የምሰጋው ለከተማው ልጆች ነው። ላሊበላ የሚኖረው በእንግዳ ነው። በ2012 ኮሮና መጣ፣ በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ደረሰ፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህም ጸጥታው አልተመለሰም። አስጎብኚው፣ የሆቴል አስተናጋጁ፣ የቱሪስት ጫማ ጠባቂው የከተማ ነዋሪ ስለሆነ በገበሬው ሴፍቲኔት አይገባም። ቅሬውም ቢሆን ሰው ሲሞት እንጂ ሥራ ሲያጣ የሚደርስበት ደንብ የለውም። ይህን ደንብ ማሻሻል በእጃችን ነው፤ ወረዳ እስኪፈቅድልን መጠበቅ የለብንም።

በነአኩቶ ለአብ ዋሻ ከአለቱ እየተንጠባጠበ በድንጋይ ገንዳ የሚጠራቀመውን ጸበል ፍለጋ ጭንቀት የያዛቸው ሰዎች ይመጣሉ። መምጣታቸው መልካም ነው። ጸበሉም ሐኪሙም ይፈለጋሉ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ክፍያ የምታጸድቁ ኃላፊዎች፣ የሰኔውን በሰኔ ስጡ፤ በጥቅምት የሚደርሰው የሰኔ ክፍያ ለባለ አራጣው ነው። እናንተም አንባቢዎች፣ «ኑሮ በቃኝ» የሚል ሰው ካጠገባችሁ ካለ አትቆጡት፣ አትገሥጹት፣ ብቻውን አትተዉት። ምን እንደሚያስብ በግልጽ ጠይቁትና ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ።